ያልተሰጠ ማዕረግ፦ ሜሪ ዊተን ካልኪንስ በሥነ ልቦና መምህርነትና ተመራማሪነት



የሥነ ልቦና ታሪክ በየክፍሉ ሲነገር ከቩንትና ከላይፕዚግ ቤተ ሙከራ ይነሣል። እኔ ዛሬ የማነሣው የአንዲት አሜሪካዊት መምህርትን የሥራ ዘመን ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ሜሪ ዊተን ካልኪንስ በ1863 ተወለዱ። በ1887 በማሳቹሴትስ በሚገኘው የዌልስሊ የሴቶች ኮሌጅ የግሪክ ቋንቋ ማስተማር ጀመሩ። ኮሌጁ አዲሱን የሥነ ልቦና ትምህርት የሚሰጥ ሰው በፈለገ ጊዜ አንድ ዓመት አጥንተው እንዲያስተምሩ እርሳቸውን መረጠ። በአቅራቢያው የነበረው ሃርቫርድ ግን ሴት አይመዘግብም ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት ቢቃወሙም፣ አባታቸውና የኮሌጃቸው ፕሬዚዳንት አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ በ1890 ትምህርቱን እንዲከታተሉ ተፈቀደ፤ ፈቃዱ ግን እንደ ተመዘገበ ተማሪ እንደማይቈጠሩ ለይቶ ይናገራል። በዊልያም ጄምስ ሴሚናር የነበሩት ጥቂት ወንዶች ወዲያው ስለ ተዉት፣ መምህሩና ያልተመዘገበችው ተማሪ በቤተ መጻሕፍት እሳት ዳር ብቻቸውን ቀሩ፤ በዚያው ዓመት በታተመው የጄምስ ታላቅ መጽሐፍ ላይም ተወያዩ። እንዲህ ያለ ዕድል ያገኘ የተመዘገበ ተማሪ ስንት ይሆን?

በ1891 ወደ ዌልስሊ ተመልሰው የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። ከክላርክ ዩኒቨርሲቲው ኤድመንድ ሳንፎርድ ጋር ሆነው ሕልምን ለማጥናት የተከተሉት መንገድ ቀላል ነበር፤ በማንቂያ ደወል በሌሊት በተለያየ ሰዓት ይነቃሉ፣ ያዩትንም ሳይረሱት ይጽፋሉ። ከእርሳቸው 205፣ ከሳንፎርድ 170 ሕልሞች ተሰበሰቡ። ሕልም በአብዛኛው ሰው በቅርቡ ያያቸውን ሰዎች፣ ቦታዎችና ነገሮች መልሶ እንደሚያመጣ በ1893 አሳተሙ። ፍሮይድም ስለ ሕልም ትርጓሜ በጻፉት መጽሐፍ ጥናቱን ጠቅሰውታል።

ከሁሉ የሚልቀው ሥራቸው ግን የተወለደው በሃርቫርድ፣ በሁጎ ሙንስተርበርግ ቤተ ሙከራ ነው። ለተሳታፊው አንድ ቀለም፣ ቀጥሎም አንድ ቁጥር ያሳዩታል። ተከታታዩ ካለቀ በኋላ ቀለሞቹን ብቻ መልሰው እያሳዩ የየአንዳንዱን ቁጥር ይጠይቁታል። ጥያቄው ትዝታን የሚያጸናው ድግግሞሽ ነው፣ ጉልህነት ነው፣ ወይስ የጊዜ ቅርበት የሚል ነበር፤ ድግግሞሽ በለጠ። ዛሬ የማስታወስ ችሎታን ስንፈትን ጥንድ ጥንድ አድርገን የምናቀርባቸው ቃላት የዚህ ዘዴ ልጆች ናቸው።

በ1895 የሃርቫርድ ፕሮፌሰሮች ፈተኗቸው፤ የዶክትሬት መመዘኛውን ሁሉ ማሟላታቸውንም መሰከሩ። ዩኒቨርሲቲው ዲግሪውን ከለከለ። ምክንያቱ ሴትነታቸው ነበር።

በ1902 ራድክሊፍ የተባለው የሴቶች ኮሌጅ በሃርቫርድ ላጠኑ አራት ሴቶች የራሱን ዶክትሬት ሊሰጥ ወሰነ። ሦስቱ ተቀበሉ። ሙንስተርበርግም እንዲቀበሉ ቢገፋፏቸውም ካልኪንስ እምቢ አሉ። ይህን ኩራት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የተመራማሪ ጥንቃቄ አድርጌ አየዋለሁ። ዲግሪ ሥራው የት እንደ ተሠራ የሚመሰክር ሰነድ ነው። ያጠኑት በሃርቫርድ ሆኖ ሳለ ሌላ ተቋም የሚሰጠው ምስክርነት፣ የሙከራ ውጤትን ባልተሠራበት ቦታ እንደ መመዝገብ ይሆንባቸው ነበር። በዚያ ላይ ወረቀቱን መቀበል ክልከላውን ያጸናዋል። ሦስቱን አልወቅስም፤ ለእንጀራ የሚሯሯጥ ምሁር ወረቀት ያስፈልገዋል።

ካልኪንስ ሥራ ነበራቸው። የቤተ ሙከራውን ኃላፊነት ለኤሊኖር ጋምብል አስተላልፈው፣ የሥነ ልቦና መነሻ የሚያስበው «እኔ» ራሱ ነው የሚለውን ትምህርታቸውን ለዓመታት ጻፉ፣ ተከራከሩም። በ1905 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር፣ በ1918 ደግሞ የአሜሪካ የፍልስፍና ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሆኖም የዌልስሊ ተማሪዎች በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ስለ ነበሩ፣ ዶክትሬት አስይዘው ሐሳባቸውን የሚያወርሱት ትውልድ አላፈሩም። ባሕርያውያኑ መድረኩን ሲይዙ ትምህርታቸው ብቻውን የቀረው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

በ1927 የሃርቫርድ ምሩቃን የሆኑ ምሁራን፣ ቶርንዳይክና የርክስ ጭምር፣ ዲግሪው እንዲሰጣቸው ለዩኒቨርሲቲው ጻፉ። ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። ካልኪንስ በ1929 ከማስተማር ተሰናበቱ፤ በየካቲት 1930 ዐረፉ።