ከበስተጀርባ የቆሙት ዛፎች

የድሮ ፎቶግራፍ ሲያጋጥመን ዐይናችን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሰዎቹ ነው። ንጉሡ በዙፋናቸው፣ መኳንንቱ በግራና በቀኝ፣ አሽከሩ ጋሻ እንደ ያዘ። ከእነርሱ ኋላ አንድ ዋርካ ወይም ጥድ ይታያል። የፎቶው መግለጫ የሰዎቹን ስም በማዕረጋቸው ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ የዛፉን ስም ግን የጻፈ የለም። ይሁንና ከፎቶው ውስጥ ሰዎቹ ሁሉ ካለፉም በኋላ ቆሞ የቀረው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። እኔ ይህን የምጽፈው ያን ስም የለሽ ምስክር ከበስተጀርባ ወደ ፊት ማምጣት ይገባናል ብዬ ስለማምን ነው።

ካሜራ ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት ለዛፍ የተጨነቀ እጅ ነበረ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ሲቆይ፣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ኮሶን የመሳሰሉ ዕፅዋት በቅጠላቸው፣ በአበባቸውና በፍሬያቸው ተለይተው በጥንቃቄ ተሣሉ። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ። ብሩስ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1790 ትልቁን መጽሐፉን ሲያሳትም የሠዓሊውን ድርሻ ደበቀው። ሥዕሎቹ በማን እጅ እንደ ተሠሩ ግልጽ የሆነው ከጊዜ በኋላ ነው። ምስልን ያለ ባለቤቱ ስም ማስቀረት እንግዲህ የቆየ በሽታ ነው።

ካሜራው በስፋት የገባው በጦርነት ነው። በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ተነሥቶ በትግራይ በኩል ወደ መቅደላ ሲዘልቅ የመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። ሥራው ቀላል አልነበረም። መስታወቱን በኬሚካል ቀብቶ፣ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ አስገብቶ፣ አንሥቶ፣ ወዲያው በጨለማ ድንኳን ውስጥ ማጠብ ያስፈልጋል። ኬሚካሉ ሰማያዊ ብርሃንን እንጂ አረንጓዴን በደንብ ስለማይቀበል ቅጠል ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል፤ ነፋስ ከነፈሰም ይደበዝዛል። እነዚያ ሰዎች የፈለጉት መንገዱን፣ ገደሉንና ሰፈሩን ነበር። ዛፉ የገባው ሳይጠሩት ነው።

ሳይጠሩት የገባው ምስክር ግን ከ140 ዓመት በኋላ ችሎት ቀረበ። ያን ኒሰን የተባለ የቤልጂግ የጂኦግራፊ ምሁርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1868 የተነሡትን የትግራይ ፎቶግራፎች ይዘው ቦታዎቹን በእግር ፈልገው አገኙ፤ ካሜራቸውንም የቀድሞው ካሜራ በቆመበት ተክለው ያንኑ ተራራና ያንኑ ሸለቆ እንደገና አነሡ። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ምን አዩ? በብዙዎቹ ቦታዎች ያኔ መሬቱ እንዲያውም የበለጠ የተራቆተ ነበር፤ ዛፉና እርከኑ የበዛው በኋላ ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለውን ቁጥር ስንቱ ንግግርና ስንቱ ሪፖርት ሲደጋግመው ኖሯል። ዛሬ ያን ቁጥር የሚጠራጠሩ ምሁራን ብዙ ናቸው። የቆዩት ፎቶዎችም ቢያንስ ለሰሜኑ ደጋ ነገሩ እንዲያ ቀላል እንዳልነበረ ይናገራሉ።

ወደ አዲስ አበባም እንምጣ። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ሕዝቡ ሲበዛ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አለቀ። አጼ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለምን መሥራት የጀመሩት አንዱ ምክንያት ይኸው የእንጨት ችግር ነበር። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ለቤተ መንግሥቱ ፎቶ ያነሡ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ፣ ይህ ለውጥ በሚካሄድበት ከተማ ውስጥ ነበር የሚሠሩት። ዛሬ ቀን ያልተጻፈበት የአዲስ አበባ ፎቶ ሲገኝ ዘመኑን ለመገመት ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ የባሕር ዛፉ ብዛትና ቁመት ነው። ራቁቱን የቆመ ኮረብታ የምኒልክን መጀመሪያ፣ ጥቅጥቅ ያለው ደግሞ የኋለኛውን ዘመን ይጠቁማል።

ዛፍን ለዛፍነቱ ብሎ ማንሣት ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ አንድ የእኛን አገር መንገድ የሚያውቅ ሰው ልጥቀስ። ቶማስ ፓክናም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ የጎንደር ነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት የነበረውን ወኅኒ አምባን ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር፤ ስለ ጉዞውም እ.ኤ.አ. በ1959 መጽሐፍ አሳተመ። ከብዙ ዓመት በኋላ ይኸው ሰው በዛፍ ፎቶግራፍ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1996 በብሪታንያና በአየርላንድ የሚገኙ 60 ድንቅ ዛፎችን፣ በ2002 ደግሞ ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የመረጣቸውን በመጽሐፍ አወጣ። ሊንሆፍ የተባለውን ከባድ ካሜራ ከነእግሩ ተሸክሞ እየዞረ፣ ዛፎቹን ሰው እንደሚነሣ አነሣቸው፤ እያንዳንዱን ከነጠባዩና ከነታሪኩ።

እኔ የምኖረው ጀሞ ነው። ሰፈሬ ዛሬ ጀሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ በኮንዶሚኒየም ይቆጠራል። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ እስኪደርስበት ድረስ ግን ቦታው የእርሻ መሬት ነበር። ከዚያ ዘመን የቀሩ ዛፎች ጥቂት ናቸው፤ በወንዙ ዳር አንዳንድ ሾላ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ጥድና ወይራ። ሾላውን ኦሮሞው ኦዳ ይለዋል፤ ጉባኤ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚነገርበት ዛፍ ነው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው የገዳ ሥርዓት ከዚህ ዛፍ ጥላ ጋር የተያያዘ ነው። አማራውም በአድባሩ ሥር ቡና አፍልቶ ተማጽኗል፤ «ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል» ያለውም ለትልቅ ዛፍ የሰጠውን ክብር ያሳያል።

ወንዙ ዳር ያለውን አንዱን ሾላ ሳነሣ አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«አባባ፣ ይህ ዛፍ ስንት ዓመት ይሆነዋል?» አልኳቸው።

«እንጃ ልጄ። እኔ ከብት ስጠብቅ እንዲሁ ነበር፤ አባቴም እንዲሁ ነበር ይሉኝ ነበር።»

ይህ ቃል ከፎቶው ጋር ካልተጻፈ ፎቶው ግማሽ ነው። ስለዚህ እንዲህ አደርጋለሁ። ጠዋት ፀሐይ ሳትከር፣ ወይም በመስከረም ዝናቡ ሲያባራና የፉሪ ተራራ ጠርቶ ሲታይ አነሣለሁ። መጠኑ እንዲታወቅ አንድ ሰው ከግንዱ አጠገብ አቆማለሁ። ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ በሜትር ዙሪያውን እለካለሁ፤ የደን ባለሙያዎች የሚለኩት በዚያ ቁመት ነው። ቀኑን፣ የቆምኩበትን ቦታ፣ የዛፉን ስም በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ሽማግሌዎቹ የነገሩኝንም እጽፋለሁ። በዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሼ እቆማለሁ። ለዚህ ሁሉ ሊንሆፍ አያስፈልግም፤ የእጅ ስልክ ይበቃል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። መትከሉ መልካም ነው። ነገር ግን ችግኝ በሚሊዮን ሲቆጠር ሽማግሌው ሾላ አንድ ብቻ ነው፤ ለመንገድ ወይም ለሕንፃ ሲባል ሲወድቅ በቁጥሩ ላይ የሚያጎድለው ነገር የለም። ፎቶ ጥላ ሆኖ አያስጠልልም፣ መጋዝንም አያስቆም ይሆናል። ቢሆንም ዛፉ ተመዝግቦ ስሙ ከታወቀ የሚቆርጠው ሰው አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ያልተመዘገበው ግን የነበረ አይመስልም። የትግራዩ ፎቶ ከ140 ዓመት በኋላ የተናገረው አንድ ሰው የት ቆሞ እንዳነሣው ሊታወቅ በመቻሉ ነው። የጀሞውም ሾላ ያንኑ ያህል ይገባዋል፦ ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን።