የእርሳስ ኳስ

ስለ ዓሣ ማጥመድ ሲነሣ በእኛ አእምሮ ቀድመው የሚመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በታንኳው ላይ ሆኖ መረቡን የሚጥል፣ ሌላው ከዳር ተቀምጦ መንጠቆውን የሚጠብቅ። ቋንቋችን ገና ስም ያላወጣለት ሦስተኛ ዓይነት አጥማጅም አለ። ይህ ሰው ጀልባውን በእግረኛ ፍጥነት እየነዳ፣ ከኋላው ስምንትና አሥር መንጠቆዎችን በየጥልቀታቸው እየሳበ፣ ሰፊውን ውኃ ቀኑን ሙሉ ሲያስስ ይውላል። ፈረንጆቹ ትሮሊንግ ይሉታል። እኔ እዚህ «ጉተታ» ብዬዋለሁ፤ የተሻለ ቃል ያለው ወዳጅ ቢጠቁመኝ ደስ ይለኛል።

በጉተታ የማረከኝ ዕቃው ነው። ሰው የማያየውን ነገር ለመያዝ ሲል የሚሠራው መሣሪያ ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል። በሚቺጋን ሐይቅ ላይ የሚሠራ የሳልመን ጀልባን የኋላ ክፍል ብቻ አይቶ የሐይቁን የመቶ ዓመት መከራ ማንበብ ይቻላል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በመጀመሪያ ልኩን እንያዝ። ሚቺጋን ሐይቅ 58,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጣናን አሥራ ስምንት ጊዜ ያህል ይውጣል። የጣና ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ነው፤ የሚቺጋን ግን 281 ሜትር ይደርሳል። ቺካጎ ዳርቻ ላይ የቆመ ሰው ማዶው አይታየውም። ማዕበሉ የባሕር ነው፤ ውኃው ግን ይጠጣል። እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ዓሣው የት ቦታ እንዳለ ማወቅ የጥያቄው ግማሽ ነው፤ በየትኛው ጥልቀት እንዳለ ማወቅ ደግሞ ሌላውና ከባዱ ግማሽ። ጉተታ ከጥንት ጀምሮ የሚታገለው ከዚህ ከከባዱ ጋር ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ በሴዝ ግሪን ስም ይጠራል። ግሪን የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሰው ነበር፤ በ1864 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በካሌዶኒያ የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ አቋቁሞ በአሜሪካ የዓሣ እርባታ አባት እስከ መባል ደርሷል። ስሙን የያዘው የጉተታ ዕቃ በጣም ቀላል ነው። ጫፉ ላይ ከባድ እርሳስ የታሰረበት አንድ ዋና ገመድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚህ ገመድ ላይ በየተወሰነ ርቀቱ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ በየቅርንጫፉ ጫፍ አንዳንድ መንጠቆ አለ። እንዲህ ሲሆን አንዱ ገመድ አምስትና ስድስት ጥልቀቶችን ባንዴ ይጠይቃል። የሚፈለገውም ሌክ ትራውት የተባለው፣ በጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ የሚኖር፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነ ዓሣ ነበር። ይኸው ግሪን በ1871 ሻድ የሚባል ዓሣ ጫጩቶችን በባቡር አሳፍሮ ከምሥራቅ ጠረፍ ካሊፎርኒያ ድረስ በመውሰድ ሳክራሜንቶ ወንዝ ውስጥ ለቋል። ዓሣን በጥልቁ የሚያስሰው እጅና ዓሣን ከአገር አገር የሚያሻግረው እጅ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ከዚያ መከራው መጣ። በ1829 የተከፈተው የዌላንድ ቦይ መርከቦች የናያጋራን ፏፏቴ ዞረው እንዲያልፉ የተቆፈረ ነው፤ በዚያው መንገድ ያልተጠሩ እንግዶችም ወጡ። ላምፕሬይ መንጋጋ የሌለው፣ እባብ መሳይ፣ ክብ አፉን በዓሣ ጎን ላይ ለጥፎ ደም የሚመጥ ፍጥረት ነው። በ1936 ሚቺጋን ሐይቅ ደረሰ። በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላ በኩል ልክ ያጣው የመረብ ሥራ ተረባርበው በ1950ዎቹ አጋማሽ የሐይቁን ትራውት ጨረሱት። በ1958 የላምፕሬይን እጭ መርጦ የሚገድል መድኃኒት ወደ ወንዞቹ መጨመር ተጀመረ፤ መድኃኒቱ የተገኘው ወደ ስድስት ሺህ የሚጠጉ ኬሚካሎች ተራ በተራ ከተፈተኑ በኋላ ነው። ግን ሐይቁ ያለ ጌታ ቀርቶ ነበር። በ1949 የታየው ኤልዋይፍ የተባለ የውቅያኖስ ትንሽ ዓሣ የሚበላው ስላጣ ተባዛ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ የሐይቁ ዓሣ ክብደት ወደ ዘጠና በመቶ የሚጠጋው የእሱ ነበር። በ1967 በጋ በጅምላ ሲያልቅ ሬሳው ከቺካጎ ጀምሮ የባሕር ዳርቻዎቹን ሸፈነ፤ አሸዋው በቡልዶዘር ተጠረገ።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ሐይቅ ለማን ይሁን የሚል ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ባለሙያዎች ትራውቱን መልሶ የመረብ ሥራውን የማዳን ሐሳብ ነበራቸው። በ1964 የሚቺጋን ክፍለ ግዛት የዓሣ ሀብት ኃላፊ የሆነው ሃዋርድ ታነር ግን ሌላ መንገድ መረጠ፤ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ሳልመን አምጥቶ ኤልዋይፉን እንዲበላ፣ ሕዝቡም ሳልመኑን በዘንግ እንዲያጠምድ። ከኦሪገን አንድ ሚሊዮን የኮሆ ሳልመን ዕንቁላል ተገኘ። በኤፕሪል 1966 ጫጩቶቹ ፕላት ወንዝን በመሳሰሉ ገባር ወንዞች ተለቀቁ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ትልቁ ቺኑክ ተከተለ። ታነር በእርጅናው የጻፈው የትዝታ መጽሐፍ ርዕሱ «አስደናቂ ነገር» የሚል ትርጉም አለው፤ ትሕትና የጎደለው ይመስላል፣ ሐሰት ግን አይደለም።

በ1967 መስከረም ሳልመኑ ጎልምሶ ወደ ወንዙ አፍ ሲሰበሰብ ሕዝቡ አበደ። ከየከተማው መኪናው ላይ ጀልባ ጭኖ ያልመጣ አልነበረም። ችግሩ ጀልባው ነው። አብዛኛው ሰው የያዘው ለትንንሽ የአገር ውስጥ ሐይቆች የተሠራ ጎነ ዝቅተኛ ጀልባ ነበር፤ ታንኳ ይዞ የገባም አለ። ሴፕቴምበር 23 ቀን ማስጠንቀቂያው ተነግሮ ሳለ ብዙዎች ወጡ፤ ነፋሱ ተነሣ፤ ሰባት ሰዎች ሞቱ። የሳልመን ጀልባ አሠራር ሲወራ ሁልጊዜ ከዚህ ቀን ቢጀመር እወዳለሁ። ከፍ ያለው ጎን፣ ሬዲዮው፣ ከትልቁ ሞተር አጠገብ የሚንጠለጠለው ትንሹ ሞተር፣ ሁሉም ከዓሣው በፊት የሚቀድመው ሐይቁ መሆኑን ያመነ ሰው ዕቃ ነው። ትንሹ ሞተር ሁለት ሥራ አለው፤ ትልቁ ሲከዳ ወደ ቤት ይመልሳል፣ በደህናው ቀን ደግሞ ለጉተታ የሚፈለገውን ዝግተኛ ጉዞ ይዞ ይውላል።

አሁን ወደ ጥልቁ እንውረድ። በበጋ ሐይቁ ሁለት ድርብ ይሆናል፤ ከላይ ሞቃቱ ውኃ፣ ከታች ቀዝቃዛው፣ በመካከላቸው ቀጭን ወሰን። ሳልመን 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነውን ውኃ ስለሚወድ በዚያ ወሰን ዙሪያ ይሰማራል። ወሰኑ ግን አንድ ቦታ አይቆምም። ከየብስ ወደ ሐይቁ የሚነፍስ ነፋስ ሞቃቱን ውኃ ገፍቶ ሲወስደው ቀዝቃዛው ከሥር ይወጣና ዓሣውን ዳር ድረስ ያመጣዋል፤ ነፋሱ ሲዞር ዓሣው ሰላሳና አርባ ሜትር ወርዶ ይገኛል። በዘንጉ ክር ላይ እርሳስ እየጨመሩ እዚያ መድረስ ይቻላል፤ ነገር ግን ዓሣው ሲያዝ አጥማጁ የሚታገለው ከእርሳሱ ጋር ይሆናል፤ የዓሣው ጉልበት እጁ ላይ አይደርስም።

መልሱ ሸክሙን ከክሩ መለየት ነበር። ከኮሆው መምጣት በኋላ በሚቺጋን ዳርቻ የተስፋፋውና ዳውንሪገር የተባለው ዕቃ ይህን ያደርጋል። በጀልባው ጠርዝ ላይ ጥቅል ሽቦ የያዘ ማጠንጠኛ ይተከላል፤ በሽቦው ጫፍ አራት ተኩል ወይም አምስት ኪሎ የሚመዝን የእርሳስ ኳስ ይንጠለጠላል። የዘንጉ ክር ከኳሱ አጠገብ በመቆንጠጫ ይያዛል፤ ኳሱ ሲወርድ ክሩን ይዞት ይወርዳል። ቆጣሪው ስንት ሜትር እንደወረደ ይናገራል። ዓሣው ሲነክስ መቆንጠጫው ክሩን ይለቃል፤ ኳሱ እዚያው ይቀራል፤ ሰውና ዓሣ ያለ ሸክም ይገናኛሉ። እኔ ከዚህ የበለጠ ጨዋ መሣሪያ አላውቅም።

ጨዋ ቢሆንም ግን ይዋሻል። ውኃው ሽቦውን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ኳሱ ቆጣሪው ከሚለው ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ጀልባው በፈጠነ ቁጥር ውሸቱ ይጨምራል። ሌላም ውሸት አለ። ላይኛውና ታችኛው ውኃ በየራሳቸው አቅጣጫ ሊፈሱ ስለሚችሉ፣ ላይ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ ማባበያውን ከታች በሁለት ወይም በስድስት ሊጎትት ይችላል። ማንኪያ መሳይ ብረት ሲዘገይ ይሞታል፤ ሲፈጥን ያብዳል። ስለዚህ ኳሱ አጠገብ ሙቀትና ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ የሚያስሩ አሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ በተነሣ የኪራይ ጀልባ ተሳፍሬ ይህን ሁሉ አይቻለሁ። የጀልባው ኋላ እንደ ሽመና ዕቃ ነበር። መሐል ላይ ኳሶቹ ቀጥ ብለው ወርደዋል፤ ከእነሱ ወጣ ብሎ ክሩን ወደ ታችና ወደ ጎን የሚጎትቱ ክብ ሳህኖች፤ ከሁሉ ርቀው ደግሞ በውኃው ላይ የሚንሸራተቱ ሳንቃዎች ክሮቹን ወደ ግራና ቀኝ ዘርግተዋል፤ ጀልባው ያላስፈራውን ዓሣ ለመድረስ ነው። ካፒቴኑ ቀጥ ብሎ አይነዳም፤ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ምክንያቱን ስጠይቀው በመታጠፊያው የውስጥ ክሮች ዘግይተው ይወርዳሉ፣ የውጭዎቹ ፈጥነው ይወጣሉ አለኝ፤ በየትኛው ወገን እንደተነከሰ አይቶ ዓሣው ያን ቀን ምን እንደሚፈልግ ይረዳል። ዘንጎቹ በኳሱ ክብደት ተለጥጠው እንደ ቀስት ጎብጠው ነበር። ዓሣ ሲነክስ ዘንጉ የሚደፋ መስሎኝ ስጠብቅ፣ አንደኛው ድንገት ቀጥ ብሎ ተነሣ። ክሩ ከኳሱ ተላቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው እስከ ውኃው የተደፋው።

ይህ ሁሉ ብልሃት ለዘንግ ባለቤቶች ነው። መረበኞቹ በየደረጃው ከሐይቁ ተገፍተዋል። ከእነሱም በፊት የነበሩት ኦዳዋና ኦጂብዌ ሕዝቦች በ1836 ውል ምድራቸውን ሲሰጡ የማጥመድ መብታቸውን አልሰጡም ነበር፤ የፌዴራሉ ዳኛ ኖኤል ፎክስ በ1979 ይህንኑ አጽንቶ ፈረደ። በጀልባ ማቆሚያዎቹ የተነሣው ቁጣ ከባድ ነበር። ሳልመኑ ከተለቀቀ ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ ሲሆን፣ የተቆጡት ሰዎች ግን ዓሣውን ከአባቶቻቸው የወረሱት ይመስል ነበር።

ዓሣው የቆመው በኤልዋይፍ ላይ ነው፤ ሳልመኑ እንዲያጠፋው የመጣው ትንሽ ዓሣ የሳልመኑ እንጀራ ሆነ። በ1988 በሴንት ክሌር ሐይቅ የታየው ዜብራ የተባለ ቀንድ አውጣ መሳይ ዛጎለኛ፣ ቀጥሎም ዘመዱ ኳጋ፣ በመርከብ ውኃ ተጭነው ከምሥራቅ አውሮፓ መጥተዋል። ውኃውን አጥልለው የትንንሾቹን ነፍሳት ምግብ ወሰዱ። ሐይቁ እንደ ብርጭቆ ጠራ። ብርሃኑ ወደ ታች ሲዘልቅ ዓሣውም ወረደ፤ ሽቦዎቹ ረዘሙ። በጎረቤቱ ሂውረን ሐይቅ በ2003 እና በ2004 ኤልዋይፉ ወደቀ፤ ቺኑኩ ተከተለው፤ የኪራይ ጀልባዎች የሚኖሩባቸው ትንንሽ ወደቦች ባዶ ቀሩ። በሚቺጋን ሐይቅም እንዳይደገም ተፈርቶ በ2013 የሚለቀቀው የቺኑክ ጫጩት በግማሽ ገደማ ተቀነሰ፤ የሚበላው እንዳይበዛ፣ የሚበላለት እንዳያልቅ።

ሂውረን ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ኤልዋይፍን አብዝቶ የሚበላ ትራውት ቫይታሚን ቢ አንድ ያጣል፤ ከዕንቁላሉ የሚፈለፈሉትም ይሞታሉ። ኤልዋይፉ ሲጠፋ በሐይቁ ውስጥ የተወለዱ የሌክ ትራውት ጫጩቶች በብዛት መታየት ጀመሩ። በዚያ ዳርቻ ለሳልመን ብለው ጀልባቸውን ያሰናዱ ሰዎች አሁን ቆጣሪውን እስከ መጨረሻው ይለቁታል። ትራውት ታች ወዳድ ነው። የእርሳሱ ኳስ ወለሉን ነካ ሲያደርግ ሽቦው ይላላል፤ አጥማጁ አንድ ክንድ ያህል መልሶ ያነሣዋል፤ ጀልባውም ከበፊቱ ዘግይቶ፣ ከበስተኋላው የጭቃ ጭስ እያስነሣ፣ ሴዝ ግሪን የፈለገውን ያንኑ ዓሣ ይጎትታል።