ለኮት የሚሆን ንጹሕ ሱፍ፦ ከመንዝ በርኖስ እስከ ጅቡቲ ወደብ

በጅቡቲ ከተማ የሱፍ ኮት የሚያሻው ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። ሆኖም የኢትዮጵያ ገቢ ንግድ አብዛኛው በወደቧ በኩል ስለሚያልፍ፣ ደገኛው የሚለብሰው የውጭ አገር ኮትና የኮት ጨርቅም በዚሁ መንገድ ይመጣል። በአንጻሩ ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው የዳመርጆግ የእንስሳት ማቆያ በኩል በጎች ወደ ዐረብ አገሮች ይጫናሉ። ከእነዚህ መካከል ስመ ጥሩ የሆነው ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ አጭር ጸጉር እንጂ የሚፈተል ሱፍ የለውም። ለኮት የሚሆን ሱፍ ፍለጋ ወደ ደጋ መውጣትን ይጠይቃል።

ደጋው መንዝ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው የሰሜን ሸዋ አምባዎች የሚረባው የመንዝ በግ ትንሽ፣ ጅራተ ስብና ሻካራ ሱፍ ያለው ነው። የተሸለተው ሱፍ ተነድፎ በእንዝርት ይፈተላል፤ መፍተሉ የሴቶች፣ ሽመናው የወንዶች ሥራ ሆኖ ኖሯል። ከዚያ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይወጣሉ። በርኖስ ትከሻው ላይ ሹል ያለው ካባ ሲሆን፣ ስሙ ከዐረብኛው ቡርኑስ ጋር አንድ ነው። ጥቁሩ ወይም ቡናማው በርኖስ ብዙ ጊዜ የበጉን ቀለም እንዳለ ይዞ የሚቀር በመሆኑ ማቅለሚያ አይነካውም። ይህ ለዛሬው ገበያ ትልቅ ነገር ነው።

ምክንያቱም “ኦርጋኒክ” የሚለው ቃል ስለ በጉ ብቻ አይናገርም። ጎትስ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ መስፈርት ከግጦሹ ባሻገር እጥበቱንና ማቅለሚያውን ይመረምራል፤ ምልክቱን ለመያዝ ጨርቁ ቢያንስ 70 በመቶ፣ “ኦርጋኒክ” ተብሎ ለመጠራት ደግሞ 95 በመቶ ኦርጋኒክ ጭረት ሊኖረው ይገባል። ሥነ ምግባርን የጠበቀ ሱፍ ሌላ ጥያቄ ነው። በአውስትራሊያ የሜሪኖ በጎች ቆዳቸው የተሸበሸበ በመሆኑ ዝንብ እንዳይጥልባቸው ከጅራታቸው ሥር ያለው ቆዳ ተገፎ ይነሣል፤ ሙልሲንግ ይባላል። ኒውዚላንድ ድርጊቱን እ.አ.አ. በ2018 በሕግ አግዳለች። በ2016 የወጣው የኃላፊነት ሱፍ መስፈርትም ይህን ድርጊት ይከለክላል፤ ነገር ግን ሱፉ ኦርጋኒክ ነው ማለቱ አይደለም። ገዢዎች ሁለቱን ዘወትር ያምታታሉ።

የመንዝ ገበሬ ሙልሲንግ የሚባል ነገር አያውቅም፤ በጎቹም ከጋራ ግጦሽ የሚውሉ ናቸው። ቢሆንም ጨርቁን “ኦርጋኒክ” ብሎ መሸጥ አይችልም። የምስክር ወረቀት የሚገኘው በመዝገብ፣ በተቆጣጣሪ ጉብኝትና በክፍያ ነው፤ ጥቂት በጎች ላሉት ቤተሰብ ይህ ወጪ ከሱፉ ዋጋ ይበልጣል። በእኔ ግምት አዋጪው መንገድ ማኅበራት በቡድን መመዝገብ ነው፤ ለቡናና ለማር የተሠራበት ነውና። ለመዥገርና ለእከክ የሚረጨው መድኃኒት ግን አስቀድሞ መታየት ይኖርበታል፤ ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይ ያዘወተረ መንጋ ኦርጋኒክ ሊባል አይችልም።

የሱፉ ሻካራነትስ? ለሹራብ ያስቸግራል፤ ቆዳ ይወጋል። ለኮት ግን ገበር ስለሚገባበት ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፣ እንዲያውም ጥንካሬ ይሰጣል። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ግን በውኃ ወይም በእንፋሎት መሰብሰብ አለበት፤ አለዚያ የተሰፋው ኮት በመጀመሪያው ዝናብ ያጥራል።

ከገበያ ለሚገዛ ሰው ቀላል ፈተና አለ። ከጨርቁ ጠርዝ ጥቂት ክር ነቅለው በክብሪት ያቃጥሉት። እውነተኛ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲነሣ ራሱ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ሁለቱንም ካሳየ ድብልቅ ነው።