ከትልቁ ቤት ጀርባ ያለችው ቤት፦ የልደታ ሰርቪሶች ታሪክ



ባለፉት ወራት በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ደጋግሞ የተነሣ አንድ ጉዳይ አለ። «በግቢዬ ጥግ ያለችውን ሰርቪስ ማደስ እችላለሁ ወይ? አንድ ክፍል ልጨምር ብል ማን ይፈቅድልኛል? ያለ ፈቃድ የተሠራችውስ ምን ትሆናለች?» የሚል ነው። አጭር መልስ ለመስጠት ተነሥተን ነበር። ነገር ግን ፋይሎቻችሁን አንድ በአንድ ስናገላብጥ፣ ትልቁ ቤት የግል፣ ከጎኑ ያሉት ሁለት ክፍሎች የቀበሌ፣ ከጀርባ ያለችው ቆርቆሮ ክፍል ደግሞ በማንም ስም ያልተመዘገበች የሆነበት ግቢ ብዙ ጊዜ ገጠመን። በአንድ የውጭ በር የሚገባ፣ በአንድ ቦኖ ውኃ የሚቀዳ፣ አንድ መጸዳጃ የሚጋራ ግቢ በሕግ ፊት ሦስት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ይህ እንዴት እንደመጣ ሳይታወቅ የፈቃዱ ነገር አይገባም። ስለዚህ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ሆነብን።

«ሰርቪስ» የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ ነው፤ ነገሩ ግን የከተማችንን ያህል ዕድሜ አለው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መንገድና አጥር ተለክቶላት አልነበረም። መኳንንቱ ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ እየተሰጣቸው ሰፈሩ፤ በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ደግሞ ወታደሩ፣ ወጥ ቤቷ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ፈረስ ጠባቂው ጎጆ እየቀለሰ ተቀመጠ። «ሰፈር» የምንለውም ከዚህ የመጣ ነው። ትልቁ ቤት መሐል፣ ትንንሾቹ ዙሪያውን። የትንንሾቹ ነዋሪዎች ኪራይ አይከፍሉም፤ አገልግሎታቸው ራሱ ኪራይ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በአፄ ምኒልክ ዘመን የከተማው ቦታ በሕግ የሚሸጥና የሚለወጥ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጎጆው ቀስ በቀስ ገንዘብ የሚያመጣ ነገር ሆነ። በተለይ ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፍ የግቢ ባለቤቶች በአጥራቸው ጥግ ጥግ በእንጨትና በጭቃ፣ በላዩም በቆርቆሮ፣ ክፍል እየጨመሩ ማከራየት ያዙ። ከእነዚህ መካከል በጠላና በጠጅ ንግድ ቤት ያፈሩ፣ ባል የሞተባቸው፣ ከኪራይ በቀር ሌላ ገቢ ያልነበራቸው ሴቶች ነበሩበት። የተማረውና የመንግሥት ሹሙ ደግሞ ቪላ እየሠራ ከኋላው ለሠራተኛ፣ ለዘበኛና ለማድ ቤት የሚሆን ረድፍ ክፍል ይሠራ ነበር። ሰርቪስ የሚለው ስም የያዘው በዚህኛው ነው። የከተማ ፕላን አልነበረም ማለት አይደለም። ጣሊያኖች ሐበሻውንና ፈረንጁን በየፊናው ለማስፈር ያወጡት ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. ገደማም እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ሌላ ፕላን አቅርበው ነበር። ግቢ ውስጥ ያለው ነገር ግን በፕላን ሳይሆን በባለ ግቢው ፈቃድ ነበር የሚያድገው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚይዘው አንድ ቤት ብቻ እንዲሆን፣ ለቤት መሥሪያም ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ እንዲፈቀድለት ተደነገገ። አከራይና ተከራይ የሚባል ግንኙነት ቀረ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ትርፍ ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች፣ ሲሰጡ ከዚያ በላይ ያሉት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። የኪራይ ዋጋም ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ፤ ትልቁን ቅናሽ ያገኘው ትንሹን ኪራይ የሚከፍለው ነበር።

ይህን አዋጅ ሲያነሡ የሚያወድሱትም የሚረግሙትም አሉ። እኛ ሁለቱንም ወገን በአባልነት ስለያዝን በሁለቱም በኩል ማየት አለብን። በአንዲት የጭቃ ክፍል ልጆቿን ይዛ በየወሩ «ውጪልኝ» ትባል ለነበረች እናት ቀበሌ ቤት መሆኑ ዕረፍት ነበር። ዛሬ ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ልጅ ያሳደጉት በዚያ ቅናሽ ኪራይ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አራት ክፍል አከራይታ ትኖር የነበረችው ባልቴት አንድ ጠዋት ከትልቁ ቤት በቀር ሁሉም ከእጇ ወጣ። አዋጁ ከኪራይ ሌላ መተዳደሪያ ለሌላቸው አበል እንዲሰጥ ይላል፤ አበል ግን በራስ ግቢ የማዘዝን ያህል አይሆንም።

የግቢዎቻችን መከፋፈል የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው። አዋጁ ቤቱን እንጂ ግቢውን በአጥር አልከፈለውም። ባለቤቷ ትልቁን ቤት ይዛ ቀረች፤ ተከራዮቿ በያዙት ክፍል ላይ እንዳሉ የቀበሌ ተከራይ ሆኑ። የትናንት አከራይና ተከራይ በአንድ በር እየገቡ፣ በአንድ ልብስ ማድረቂያ ገመድ እየተጣሉና እየታረቁ፣ ቡና እየተጠራሩም ሃምሳ ዓመት ኖሩ። ልደታን ለማያውቁ ደጋፊዎቻችን ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። አብነትም ሆነ ጌጃ ሰፈር በቆዩት ግቢዎች ብትገቡ ታዩታላችሁ።

ቤት ጠባብ ነው፤ ቤተሰብ ደግሞ ይወልዳል። የቀበሌ ተከራይዋ ለማድ ቤት ብላ ከግድግዳዋ ላይ ቆርቆሮ ትዘረጋለች፤ ማድ ቤቱ ዓመት ሳይሞላው የልጇ መኝታ ይሆናል። ልጇ ሲያገባ ደግሞ ያቺው ክፍል ጎጆ ትሆናለች። ባለ ግል ቤቷም እንዲሁ ታደርጋለች። ማከራየት በተከለከለበት ዘመን «ደባል» የሚባል ኑሮ መጣ፤ በሌላ ሰው ስም ባለ ቤት ውስጥ ወጪ እየተካፈሉ መኖር ማለት ነው። በ1978 ዓ.ም. ስለ ከተማ ቤቶች አሠራርና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 292 ነገሩን በመጠኑ አላላው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የግል ቤት ማከራየት እንደገና የተለመደ ሥራ ሆነ። ቦታው ግን የመንግሥት እንደሆነ ቀረ። የቀበሌ ቤቶቹም የቀበሌ ሆነው ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ የመጡትን የሊዝ አዋጆች ቁጥራቸውን ብቻ እንጥቀስ፤ 80/1986፣ 272/1994 እና 721/2004። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር በመጨረሻው ውስጥ ያለው ነው፦ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ለመሸጥ የምታስቡ አባላት ይህን ከገዢው በፊት እናንተ እወቁት።

ካርታና ፕላን በሌላቸው ቤቶች ላይ ከተማ አስተዳደሩ የተጠቀመበት ዘዴ የአየር ካርታ ነው። በ1988 እና በ1997 ዓ.ም. ከሰማይ በተነሡት ካርታዎች ላይ ቤቱ ይታያል ወይስ አይታይም የሚለው የብዙ ሰው ዕድል መወሰኛ ሆነ። አንዲት አባላችን «እኔን የሚያውቀኝ ጎረቤቴ ሳይሆን አውሮፕላኑ ነው» ያለችው ለዚህ ነው። የማይታየው ነገር አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ በትልቅ ዛፍ ሥር ያለች ትንሽ ክፍል ከላይ ላትታይ ትችላለች። ለዚህ ነው ሌላ ወረቀት የሚያስፈልገው። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 80 የሚከፈለው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውኃ ውል፣ የድሮ የቀበሌ መዝገብ፣ ሁሉም ይቆጠራል። እኛ በሙያችን ደረሰኝ ጣሉ የሚል ሰው አንወድም። በዚህ ጉዳይ ግን ከሙያም አልፎ ነው።

የግንባታ ፈቃዱን በሚመለከት፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት በምድብ «ሀ» ይገባል፤ ሰርቪስ እዚህ ውስጥ ናት። ትንሽ ናትና ፈቃድ አያስፈልጋትም የሚለው ግን ስሕተት ነው። አዲስ መሥራትም፣ መጨመርም፣ የቤቱን አገልግሎት መለወጥም ከሕንፃ ሹም ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የቀበሌ ተከራይ ያንን ልታቀርብ አትችልም፤ ለእሷ የተከፈተው በር የዕድሳት ፈቃድ ነው፤ እሱም ቤቱ ከነበረበት ስፋትና ቅርጽ ሳይወጣ። እንግዲህ በጋራ ግቢ ውስጥ ያለችው ሦስተኛዋ ቆርቆሮ ክፍል፣ ልጅ ያደገባት ወይም እንጀራ የሚጋገርባት፣ ከሁለቱም በሮች ውጭ ቀረች ማለት ነው። ይህ በእኛ አስተያየት የሕጉ ትልቁ ክፍተት ነው። ሕጉ ትንሿን ቤት በትልቅ ቤት ልክ ሲጠይቃት ሰው ፈቃድ መጠየቁን ትቶ በሌሊት ይሠራል። በሌሊት የተሠራ ቤት ደግሞ መሠረቱም ጣሪያውም አያስተማምንም፤ ለእሳት መኪና መግቢያ እንኳ አይተውም።

በነገራችን ላይ በባሕር ማዶ ያሉ ደጋፊዎቻችን ይህን ሲያነቡ ይገርማቸው ይሆናል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የወጡ ሕጎች በመኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ሁለተኛ ትንሽ ቤት ለመሥራት የሚጠየቀውን ፈቃድ አቅልለዋል፤ ጋራዥን ወደ መኖሪያ መለወጥም ቀሏል። ምክንያቱ የቤት እጥረት ነው። እጥረቱማ እኛም ዘንድ አለ። ልዩነቱ እዚያ ቦታው የባለ ቤቱ መሆኑ ነው፤ ሕጉን እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይቻልም።

የወረቀት ጉዳይ ምን ያህል እንደሚከብድ ልደታ በዓይኗ ያየችው በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን እስከ ፍርድ ቤቱ አካባቢ የነበረው አሮጌ መንደር በመልሶ ማልማት ፈርሶ በቦታው ኮንዶሚኒየም ተተከለ። የግል ባለቤቶች ካሣና ምትክ ቦታ፣ የቀበሌ ተከራዮች ኮንዶሚኒየም በቅድሚያ የመግዛት ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት የማግኘት ዕድል ተሰጣቸው። ቅድሚያ ክፍያውን የቻለ ገዛ። ደባሉና በሰርቪስ ውስጥ ያለ ውል የተከራየው ግን በየትኛውም መዝገብ ስላልነበረ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ኮንዶሚኒየም የገባችውም ንጹሕ ቤት፣ የራሷ መጸዳጃና የራሷ ቁልፍ አገኘች፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግቢ ግን የለም። በርበሬ የሚሰጣበት፣ በእንጨት የሚጋገርበት፣ አንድ ክፍል ለተማሪ አከራይቶ የባንኩን ዕዳ የሚከፈልበት ጥግ ቀረ። የጋራ ማብሰያው ሕንፃ ቢኖርም ለሽያጭ የሚጋግር ሰው ሥራ አይሸፍንም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው የኮሪደር ልማት ሲካሄድ ተመሳሳይ ጥያቄ እንደገና መነሣቱ አያስገርምም።

በዚያው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ሰርቪስ ለሚያከራዩም ለሚከራዩም ይመለከታል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ከሁለት ዓመት ያነሰ አይሆንም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፤ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። አከራይ አባሎቻችን ግብሩን ፈርተው መመዝገብን ይሸሻሉ። እንረዳለን። ነገር ግን የተመዘገበ ውል ያላት ተከራይ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሰፈሩ ሲፈርስ እንደ ሄደችው ባዶ እጇን አትቆምም። አከራይዋም ክፍሏ መኖሯን የሚመሰክር የመንግሥት ማኅተም ታገኛለች፤ የግንባታ ፈቃድ ባይሆንም።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ጊዜ በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት በትዳር ውስጥ የተሠራች ክፍል ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆንም የጋራ ናት፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። በፕላኑ ላይ የሌለች ሰርቪስ ግን በፍቺ ጊዜ ለመካፈል ታስቸግራለች። የእንጀራዋን ትርፍ አጠራቅማ ብሎኬት የገዛችው ሚስት ብትሆንም የብሎኬቱን ደረሰኝ ካልያዘች ማስረዳት ይከብዳታል።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በየሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ክፍል የየአባሉን የቤት ፋይል አብረን እናደራጃለን። የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የቀበሌ ኪራይ ደብተር፣ የግብር ደረሰኞች፣ የመብራትና የውኃ ውል፣ የኪራይ ውል፣ ለግንባታ የተገዛ ዕቃ ደረሰኝ ካለም ያው፤ ዋናውንና አንድ ቅጂ ይዛችሁ ኑ። ማጠፊያ ፋይልና ቁጥር ማውጣት የእኛ ሥራ ነው። በጋራ ግቢ የምትኖሩ ደግሞ ብትችሉ ከጎረቤታችሁ ጋር አብራችሁ ብትመጡ ይሻላል፤ የአንዷ መዝገብ የሌላዋን ክፍል ብዙ ጊዜ ይጠቅሳልና።