የኦቲዝም ትምህርት ቤትና የወላጅ ድርሻ፦ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

አንድ ትምህርት ቤት ሲቋቋም የተለመደው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። በመጀመሪያ መንግሥት፣ የሃይማኖት ተቋም ወይም አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሕንፃውን ያሠራል፤ መምህራን ይቀጠራሉ፤ ከዚያም ወላጅ የልጁን እጅ ይዞ እስከ በሩ ያደርስና አስረክቦ ይመለሳል። ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት የተቋቋሙት ትምህርት ቤቶች ታሪክ ግን በአብዛኛው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። በእነዚህ ዘንድ ቀድመው የተገኙት ወላጆች ናቸው። ቤት ያፈላለጉት፣ መምህር የጠየቁት፣ ገንዘብ ያዋጡት፣ መንግሥትንም የወተወቱት እነርሱ ሲሆኑ፣ ሕጉና በጀቱ የመጡት ከኋላ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ሥራውን የጀመሩት ለልጃችሁ ችግር ምክንያቱ እናንተው ናችሁ ተብለው በሚከሰሱበት ዘመን መሆኑ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የወላጆችን ውለታ መዘርዘር ብቻ አይደለም። በእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ የወላጅ ስፍራ የእንግዳ ነው ወይስ የምሰሶ? ለሚለው ጥያቄ ከታሪኩ መልስ መፈለግ ነው። ጥያቄው የመምህራንና የሐኪሞች ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ዳሩ ግን ትምህርት ቤትን የምንነድፍና የምናሠራ እኛ መሐንዲሶች ነንና፣ የምንሰጠው መልስ በግድግዳና በበር ተቀርጾ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል ያስፈልጋል።

ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። በንግግርና በመግባባት፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር ባለ ግንኙነት፣ አንድን ድርጊት በመደጋገም፣ እንዲሁም ድምፅን፣ ብርሃንንና ንክኪን ከሌላው ሰው በተለየ ሁኔታ በመቀበል ይገለጣል። መልኩም ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይለያያል፤ አንዱ ጨርሶ የማይናገር ሲሆን፣ ሌላው ብዙ ቃላት እያወቀ ከሰው ጋር ጨዋታ መቀጠል ይሳነዋል።

ጉዳዩ በሕክምናው ዓለም በስፋት መታወቅ የጀመረው በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ይሠሩ የነበሩት የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ሊዮ ካነር በ1943 ስለ 11 ሕፃናት ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ከእነዚህ መካከል በጽሑፉ በመጀመሪያ የተገለጠው ልጅ ከመመርመሩ አስቀድሞ አባቱ በታይፕ የተጻፈ 33 ገጽ ደብዳቤ ለሐኪሙ ልከው ነበር። ደብዳቤው ልጁ ገና በ1 ዓመቱ ዜማዎችን ሳይስት ማንጎራጎሩን፣ ነገሮችን ማሽከርከር መውደዱን፣ ብቻውን ሲሆን ደስተኛ መስሎ መታየቱንና የመሳሰለውን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ነበር። ስለዚህ ለዚህ ዕውቀት መነሻ ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱና ቀዳሚው የተጻፈው በወላጅ እጅ ነው ማለት ይቻላል። ካነር ያን ጊዜ ችግሩ ከልጁ ጋር የተወለደ መሆኑን ቢገልጹም፣ ወላጆቹ ፍቅራቸውን የማይገልጹ ቀዝቃዛ ሰዎች ይመስላሉ የሚል አስተያየትም ጨምረው ነበር። በ1949 ባወጡት ሌላ ጽሑፍ ይህንኑ አስተያየት አጠንክረው ደገሙት።

በዚያ ዘመን የሥነ ልቦና ትምህርት ለማናቸውም የልጅ ችግር ምክንያቱን በእናት ዘንድ መፈለግ ያዘወትር ስለነበር፣ ይህች ትንሽ አስተያየት ሥር ሰድዳ ትልቅ ክስ ሆነች። እናቶችም ከማቀዝቀዣ ጋር እየተመሳሰሉ ይወቀሱ ጀመር። ይህን አመለካከት በስፋት ያሰራጩት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረውን የኦርቶጄኒክ ትምህርት ቤት ከ1944 እስከ 1973 የመሩት ብሩኖ ቤተልሃይም ናቸው። በ1967 ያሳተሙትም መጽሐፍ በሕዝብ ዘንድ ብዙ ተነቧል። በእርሳቸው እምነት ልጁ የሚድነው ከወላጆቹ ሲለይ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ክሱ እንዲሁ አሳብ ሆኖ አልቀረም፤ የትምህርት ቤት ቅርፅ ሆኗል። ወላጅ የችግሩ ምንጭ ነው ተብሎ ከታመነ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ልጁን ከወላጁ የሚጠብቅ አጥር ይሆናል። በዚህም ምክንያት ስለ ልጁ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ሰው ከበር ውጭ ይቀራል። ባለ 33 ገጹ ደብዳቤ የያዘውን የመሰለ ዕውቀት መግቢያ አጣ ማለት ነው።

ክሱን በማስረጃ ለመሞገት ቀድመው ከተነሡት መካከል በአሜሪካ የባሕር ኃይል በሥነ ልቦና ተመራማሪነት ያገለግሉ የነበሩት በርናርድ ሪምላንድ ይገኙበታል። እርሳቸው ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበሩ። የነበሩትን ጥናቶች ሰብስበው ከመረመሩ በኋላ በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ኦቲዝም ከሰውነት አሠራር የሚመነጭ እንጂ ከአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ አለመሆኑን ተከራከሩ። በሚቀጥለው ዓመት ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው የኦቲስቲክ ሕፃናት ብሔራዊ ማኅበርን መሠረቱ። ካነርም በ1969 በዚሁ ማኅበር ጉባኤ ፊት ቀርበው ወላጆችን ከክሱ ነጻ ማድረጋቸውን በይፋ ተናገሩ። በ1977 ደግሞ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ረተር 21 ጥንድ መንታዎችን መርምረው ውጤቱን አወጡ። ከ11ዱ ፍጹም ተመሳሳይ መንታዎች በ4ቱ ጥንድ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ሲኖራቸው፣ ተመሳሳይ ካልሆኑት ከ10ሩ ግን በአንዱም ጥንድ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። ይህም የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አመለከተ።

ክርክሩ በዚህ ሁኔታ ሲካሄድ ሳለ ልጆቹ ግን እያደጉ ነበር፤ ዕድሜያቸው የሊቃውንቱን ስምምነት አይጠብቅም። በእንግሊዝ አገር በ1962 ጥቂት ወላጆች ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ። ከእነርሱም አንዷ ኦቲዝም ያለባት ሴት ልጅ የነበረቻቸው የአእምሮ ሐኪሟ ዶክተር ሎርና ዊንግ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሲቢል ኤልጋር የተባሉ የሞንቴሶሪን የማስተማር ዘዴ የተማሩ መምህርት፣ ለንደን በሚገኘው መኖሪያቸው ምድር ቤት ውስጥ ጥቂት ኦቲዝም ያለባቸውን ሕፃናት ማስተማር ጀመሩ። ማኅበሩ በ1965 በለንደን ኢሊንግ በተባለው ሰፈር ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ይህ በሚሆንበት ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ ሊማሩ አይችሉም የተባሉትን ሕፃናት ከትምህርት ሥርዓቱ ውጭ አድርጎ ለጤና ባለሥልጣኖች የሰጠ ነበር። ይህ አሠራር የቀረው በ1970 በወጣውና ከሚያዝያ 1971 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። እንግዲህ ወላጆቹ ሕጉን በ5 ዓመት ቀድመውት ነበር ማለት ነው። ልጆቹ አድገው ከትምህርት ቤቱ የሚወጡበት ጊዜ በደረሰ ጊዜም በ1974 ለዐዋቂዎች መኖሪያና መሥሪያ የሚሆን ሶመርሴት ኮርት የተባለ ስፍራ ተከፈተ።

የለንደኖቹ ወላጆች ትምህርት ቤቱን አቆሙት። ወላጅን ወደ ማስተማሩ ሥራ ውስጥ በሥርዓት ያስገባው ግን በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና የተጀመረው ሥራ ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ሾፕለርና ሮበርት ራይክለር ከ1966 ጀምሮ ባካሄዱት ሙከራ ወላጆች በሽተኛ ወይም ተከሳሽ ሳይሆኑ የሥራ ባልደረባ ሆነው ተሰለፉ። ሾፕለር የተማሩት በዚያው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የደረሱበት መደምደሚያ ግን የቤተልሃይም ተቃራኒ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለሙያው ከልጁ ጋር ሲሠራ ወላጅ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስተዋት በስተጀርባ ሆኖ ይመለከታል። ቀጥሎ የቤት ሥራው በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ እቤቱም ከልጁ ጋር ይለማመዳል። ከዚያ ተራው ይለወጥና ወላጅ ከልጁ ጋር ሲሠራ ባለሙያው ከመስተዋቱ ኋላ ሆኖ ይመለከታል። የተሳካው ይጸናል፤ ያልተሳካው ይታረማል። የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ሲያነቡ የሚያውቁትን ነገር ማየታቸው አይቀርም። ውጤቱን ለክቶ ወደ መነሻው የማይመልስ ሥርዓት ስሕተቱን ሊያርም አይችልም፤ የመስተዋቱ ክፍል ያደረገው ይህንኑ የመመለሻ መስመር መዘርጋት ነው። የሰሜን ካሮላይና ምክር ቤትም በወላጆች ጉትጎታ በ1972 ሥራው በመላው ግዛቱ እንዲስፋፋና ቋሚ በጀት እንዲኖረው ወሰነ።

ይህ አሠራር አስፈላጊ የሆነበት ምክንያት ከኦቲዝም ጠባይ የሚመነጭ ነው። ብዙዎቹ ሕፃናት በአንድ ስፍራ የተማሩትን ወደ ሌላ ስፍራ ማሻገር ይቸግራቸዋል። በትምህርት ቤቱ ቧንቧ እጁን መታጠብ የተማረ ልጅ፣ እቤቱ ከጆግ በሚፈስ ውሃ ታጠብ ቢባል ጨርሶ እንዳልተማረ ሊሆን ይችላል። ለእርሱ ቧንቧውና ጆጉ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው። መምህሩ ቧንቧውን ብቻ ያውቃል፤ ጆጉን የምታውቀው እናት ናት። እንግዲህ የወላጅ መገኘት የትምህርቱን ግማሽ አካል የሚሸከም ነገር እንጂ ለመልካም ግንኙነት ሲባል የሚደረግ ጨዋነት አይደለም።

በ1975 የአሜሪካ ኮንግረስ አካል ጉዳተኛ ለሆኑ ሕፃናት ሁሉ ትምህርት የሚያዳርስ ሕግ ሲያወጣ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በጽሑፍ የሚዘጋጀው የትምህርት ዕቅድ ወላጅ ባለበት እንዲነደፍ ደነገገ። ቀድሞ ከበር ውጭ ይቆም የነበረው ሰው በሕግ ወንበር አገኘ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ታሪኩ በሌላ መልክ ይደገማል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአሜሪካ ለዓመታት ኖረው ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ያቋቋሙ ሴት ነበሩ። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ባለማግኘታቸው በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማእከልን በ4 ልጆች ጀመሩ። የአማርኛን ፊደል ድምፆች መሠረት ያደረገ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ የንግግርና የንባብ ማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። በባዕድ ቋንቋ የተሠራ ዘዴ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ እንደማይበቃ የተረዱት እናት በመሆናቸው ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከዚያም ነህምያ የኦቲዝም ማእከል እንዲሁ በወላጆች ተነሣሽነት ተቋቋመ። ሆኖም ቦታው ከፈላጊው ጋር ሊመጣጠን አልቻለም፤ በጆይ ማእከል በር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ተራ ይጠብቁ ነበር።

የእኛ አገር ወላጅም ከክስ አላመለጠም፤ ከሳሹ ግን ሐኪም ሳይሆን ጎረቤትና ዘመድ፣ አንዳንድ ጊዜም የገዛ ኅሊናው ነው። በአዲስ አበባ የእድገት ችግር ያለባቸውን ሕፃናት የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው በ2016 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ብዙዎቹ መገለልና እፍረት የሚሰማቸው ሲሆን፣ ምክንያቱን ከሕክምና ጋር አያይዘው የሚያስረዱ እንዳሉ ሁሉ ከኃጢአት ወይም ከመንፈስ ጋር የሚያያይዙም ነበሩ። እንዲህ ያለው እናት ልጇን ከቤት አታወጣም፤ ካላወጣችው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ቢኖርም አያገኘውም።

ተስፋ የሚሰጥ ጅምርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሲሆን፣ ከአገራችን ሁኔታ ጋር ተስማምቶ በኢትዮጵያ ተሞክሯል። ልዩ ሐኪም በማይገኝበት ስፍራ ሌሎች ሠልጣኞች ሊሰጡት እንዲችሉ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። የቤት ጉብኝት መጨመሩም ቀደም ሲል የጠቀስነውን የቧንቧና የጆግ ነገር የተረዳ ሰው እንደነደፈው ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ወላጅን በፈቃደኝነት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ማሳተፍ አያዛልቅም። በዕቅዱ ውስጥ የተጻፈ ስፍራ፣ የታወቀ ሰዓትና የሚፈርምበት መዝገብ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሊቆም አይገባውም። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 ሲያርፉ ብዙ ወላጆች የተሰማቸው ኀዘን ከሥጋት ጋር የተቀላቀለ መሆኑ አያስደንቅም። ከአንድ ምሰሶ በላይ የሌለው ጣሪያ ምሰሶው የቱንም ያህል ቢጠነክር አያስተማምንም። ሦስተኛ፣ የወላጅ ተሳትፎ መንግሥት ከኀላፊነቱ የሚሸሽበት ሰበብ ሊሆን አይችልም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 አጽድቃለች፤ ትምህርትም በስምምነቱ ከታወቁት መብቶች አንዱ ነው። በቀን ሥራ የምትተዳደር እናት ግማሽ ቀን በትምህርት ቤት ተገኚ ብትባል የዕለት እንጀራዋን ትከፍላለች። ሰዓቱ እንደ እርሷ ኑሮ ካልተስተካከለ ተሳትፎ የተባለው ነገር የባለጠጎች መብት ሆኖ ይቀራል።

ለእኛ ለመሐንዲሶች የሚቀረው ድርሻ ደግሞ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት እንድንነድፍ ስንጠየቅ ወላጅ ተቀምጦ ልጁን የሚመለከትበት ክፍል ከመማሪያ ክፍሉ ጎን ይኑር። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ በክረምት ዝናብ የሚያሰማውን ጩኸት፣ የሚርገበገብ የፍሎረሰንት መብራትንና በባዶ ኮሪደር የሚያስተጋባ ድምፅን እንጠንቀቅ፤ ለሌላው ልጅ ትንሽ የሆነው ነገር ለእነዚህ ሕፃናት ትምህርት የሚያቋርጥ ሥቃይ ሊሆን ይችላልና። ልጁ ሲጨነቅ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ጥግ፣ እንዲሁም እንደ ቤት ሆኖ የተዘጋጀ አንድ የመለማመጃ ክፍል እናስብ። የመጀመሪያውን ንድፍ ከመሥራታችን በፊትም ልጆቹን ከሚያሳድጉት ሰዎች ጋር ተቀምጠን እንጠይቅ። የኦቲዝም ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያስተምረን፣ ወላጅን ከበር ውጭ ያስቀረው አሠራር የልጁን ትምህርት በግማሽ እንዳስቀረውና ወላጅን ወደ ውስጥ ያስገባው ግን ሁለቱንም እንዳስተማረ ነው።