ጽናት በሦስት መስክ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለሰነፍ ማጽናኛ ሆኖ ነው። ታሪክን ስንመረምር ግን ምሥጢሩ ሌላ ነው፤ ይኸውም ጽናት ማለት ዝም ብሎ መቆየት ሳይሆን፥ ውጤቱ በማይታይበት ሰዓት እንኳ የጀመሩትን አለመተው ነው። ለዚህም ሦስት ምስክሮችን ለመጥቀስ እወዳለሁ።

መጀመሪያው የዲፕሎማሲ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ሊናገሩ ሲቆሙ፥ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኳቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሁካታው እስኪበርድ በጸጥታ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያም አቤቱታቸውን በአማርኛ አሰሙ። ማኅበሩ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። የዚያን ቀን ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። ሆኖም እሳቸው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ሆነው ክርክሩን፥ አርበኞችም በዱር በገደሉ ትግሉን አላቋረጡም። ስለዚህ ኢጣልያ በ1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ የኢትዮጵያ ጉዳይ ሳይዘጋ ተገኘ። በ1933 ዓ.ም.፥ በዚያው በሚያዝያ 27 ቀን፥ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ።

ሁለተኛው የስፖርት ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጠ። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሳይቸኩል ሮጦ፥ ጥሎት የሄደው ወደ መጨረሻው፥ በዚያን ጊዜ በሮም ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አካባቢ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ሁለት ወር ሳይሞላው በቶኪዮ ደገመው። በኋላም በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ በሆኑ ጊዜ፥ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ተወዳደረ። እንግዲህ ጽናት ግትርነት አይደለም፤ መንገዱ ቢዘጋ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ሦስተኛው የንግድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል ሲቋቋም፥ ነጂዎቹም መካኒኮቹም አስተዳዳሪዎቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ኩባንያው የአገሩን ልጆች እያሠለጠነ ቆይቶ፥ ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ከ25 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ በአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ ሆኗል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! እኛ አንድ ፈተና ስንወድቅ ደብተራችንን ለመወርወር እንቸኩላለን። በጄኔቭም የዚያ ቀን ውጤት ውድቀት ነበር። ነገር ግን የመጨረሻው ውጤት አልነበረም።