የኬንያ ሚኒስትሮች ለፓርላማ ጥያቄ የሚመልሱት እንዴት ነው?

ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ፓርላማ ውስጥ ሚኒስትር እንግዳ ነው። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የካቢኔ አባል የምክር ቤት አባል መሆን እንደማይችል ይደነግጋል። ከዚያ በፊት በብሪታንያ ወግ መሠረት ሚኒስትሮች ከሕዝብ እንደራሴዎች መካከል ስለሚሾሙ፣ ከወንበራቸው እየተነሡ ለጥያቄ ይመልሱ፣ መግለጫም ያሰሙ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ሚኒስትር ከምክር ቤቱ አባላትም ሆነ ከውጭ ሊሾም ይችላል።

አዲሱ አሠራር በ2013 ሥራ ላይ ሲውል የኬንያ ሚኒስትሮች ከአዳራሹ ወጡ። ሕገ መንግሥቱ ግዴታ የጣለባቸው በኮሚቴ ሲጠሩ ቀርበው እንዲመልሱ ነውና፣ ጥያቄውም መልሱም በኮሚቴ ሊቃነ መናብርት በኩል ይዞር ጀመር። እንደራሴዎች በመልሱ መዘግየት ሲያማርሩ ቆይተዋል። ፕሬዝዳንት ዊሊያም ሩቶ በታኅሣሥ 2022 ሚኒስትሮች በአዳራሹ ቀርበው እንዲጠየቁ ሐሳብ አቀረቡ። ሕገ መንግሥቱን መንካት አላስፈለገም፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች የውስጥ ደንባቸውን አሻሻሉና በ2023 ጥሪው ተጀመረ። ጥያቄው አስቀድሞ በጽሑፍ ገብቶ በአፈ ጉባኤው ይጸድቃል፤ ሚኒስትሩ መልሱን ካሰማ በኋላ እንደራሴዎች ተከታይ ጥያቄ ያነሣሉ። ያልተዘጋጀ ሚኒስትር የሚጋለጠውም እዚህ ላይ ነው።

መግለጫ መስጠትና ሕግ ማውጣት ደግሞ አንድ አይደሉም። ሚኒስትር ለጋዜጠኞች የፈለገውን ሊያስታውቅ ይችላል፤ ያወጣው ደንብ ግን በመንግሥት ጋዜጣ ከታተመ በኋላ በሰባት የምክር ቤት የስብሰባ ቀናት ውስጥ ለፓርላማ ካልቀረበ፣ በ2013ቱ ሕግ መሠረት ተፈጻሚነቱን ያጣል።

መልሱ ያላረካው ምክር ቤት ፕሬዝዳንቱ ሚኒስትሩን እንዲያሰናብቱ መጠየቅ ይችላል። ሒደቱ እንዲጀመር ከ349ኙ አባላት ቢያንስ ሩቡ መደገፍ አለበት። በግንቦት 2024 የግብርና ሚኒስትሩ ሚቲካ ሊንቱሪ፣ ለገበሬዎች በድጎማ ከቀረበ የተጭበረበረ ማዳበሪያ ጋር በተያያዘ፣ 149 ድምፅ ተሰጠባቸው። ጉዳዩን የመረመረው የ11 አባላት ኮሚቴ ግን ክሱ አልተረጋገጠም ሲል በ7 ለ4 ድምፅ ወሰነ፤ ሚኒስትሩም በሥልጣናቸው ቆዩ። በሐምሌ፣ የወጣቶች የተቃውሞ ሰልፍ አገሪቱን ካናወጠ በኋላ፣ ፕሬዝዳንቱ ካቢኔያቸውን ከሞላ ጎደል ሲያሰናብቱ ሊንቱሪም ከተሰናባቾቹ አንዱ ሆኑ።